ጭነት የያዘ ቢስክሌት በምን ይቁም?

ለሥራችን ቢስክሌት ስትገዙልን የምትጠይቁን ስለ ጎማውና ስለ ፍሬኑ ነው። ዛሬ ግን ስለ ማቆሚያው ልንነግራችሁ ወደድን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኛም ይመስለን ነበር።

ባለፈው ክረምት ወልቂጤ ውስጥ ከአንድ ደጅ ቆመን የሕፃናት ዱቄት እናወርድ ነበር። ከኋላ በግራና በቀኝ 20፣ 20 ኪሎ ተጭኗል። የቀኙን ኬሻ እንዳነሣን ክብደቱ ሁሉ ወደ ግራ ዞረ፤ ቀጭኗ የማቆሚያ እግር ጭቃው ውስጥ ሰጠመች፤ ቢስክሌቱም አጠገቡ ቆሞ በሚያየን ልጅ ላይ ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን እግሩ ተልጦ አበጠ። እናቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ እርሱ ይበልጥ አሳፈረን።

እንግዲህ ጥፋቱ የጭቃው ብቻ አልነበረም። ባለ አንድ እግር ማቆሚያ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ባዶ ቢስክሌት ለማቆምም ይበቃል። ጭነት ሲኖር ግን ሸክሙ በአውራ ጣት በምታህል ጫፍ ላይ ያርፋል። ማቆሚያውን ለማጥበቅ ብሎኑን ባጠበቅን ቁጥር ደግሞ የቢስክሌቱን ቀጭን ቱቦ ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀ ቱቦ በብየዳ ቢጠገንም እንደ ቀድሞው አይጠነክርም።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር። ይህንንም ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ ቡታጅራ ያለ አንድ ጠጋኝ አስተማረን። ጭነት ጎማውን ሲጫነው ቢስክሌቱ ዝቅ ስለሚል የማቆሚያው እግር የረዘመ ያህል ይሆናል፤ ቢስክሌቱም ቀጥ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ልኩ የሚታየው ከተጫነ በኋላ ነው። እኛ በባዶው ለክተን ነበር።

ለጭነት የሚሻለው ከኋላ ጎማ መሐል የሚታሰረው፣ እግሮቹን በሰፊው የዘረጋው ባለ ሁለት እግር ነው። በድሮዎቹ የህንድና የቻይና ቢስክሌቶች ላይ አይታችሁት ይሆናል። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ ስለሚያቆመው ከየትኛውም ጎን ቢወርድ ቶሎ አይዘነብልም። ይከብዳል፤ ተጭኖ ለማቆምም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ይህን አንደብቃችሁም። ጠጋኙ ከእግሮቹ ጫፍ መዳፍ የሚያህል ብረት በየደልን፤ አሁን ጭቃ ላይ አይሰጥምም።

ባለ አንድ እግሩን ለያዙት ሠራተኞቻችን ደግሞ ባላ እንጨት ቆርጠን ሰጥተናል፤ ከኮርቻው ሥር ይደገፋል። የፊት ፍሬኑንም በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ከመሪው ጋር አጥብቀው ያስሩታል፤ ጎማው ከተንሸራተተ ባላው ብቻውን ምንም አያደርግም።

የሚቀጥሉትን ቢስክሌቶች ስትገዙ፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም፣ ባለ ሁለት እግሩን እንድታስቡልን እንለምናችኋለን። እስከዚያው ጭነት ስናወርድ አንዳችን መሪውን እንይዛለን፤ ሌላው ደግሞ ልጆቹን ራቅ ያደርጋል።