በደረቅ ቆላ ለትምህርት ቤት ግቢ የሚሆነውን ተክል ስለ መምረጥና ስለ ማጐራበት የተነገረ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ልናገር የተነሣሁበት ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ዝናም በሚያጥርበት በረሓማ ቆላ ለትምህርት ቤት ግቢ የሚስማማውን ተክል እንዴት እንደምንመርጥ፤ የትኛውንም ከየትኛው ጋራ እንደምንተክል ነው። ነገር ግን በቆላ አገር ውሃ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ በልጆች ጀርባ ታዝሎ የሚመጣ ነውና ውሃውን በከንቱ ማፍሰስ የልጁን ድካም በከንቱ ማፍሰስ ነው። ስለዚህ ነገሩ ትንሽ አይደለም።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የቆላ ትምህርት ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል የግቢውን አትክልት እንዳስተክል ታዘዝሁ። እኔም የደጋ ልጅ ነኝና የማውቀው የደጋን ሥራ ብቻ ነበር፤ ጽጌረዳውን፤ ሙዙን፤ ሮማኑንና እሬቱን በአንድ መደብ ላይ ጐን ለጐን አስተከልሁ። አርባ ተማሪዎችም ጧት ጧት አንዳንድ ሊትር ውሃ ይዘው እንዲመጡ አደረግሁ፤ አርባውን ሊትር ለሁሉም እኩል አካፍለን እናጠጣ ነበር። በሦስተኛው ወር ሙዙና ጽጌረዳው በጥም ደረቁ፤ እሬቱ ደግሞ ውሃ በዝቶበት ከሥሩ በሰበሰ። አንዱ በማነሱ፤ ሌላው በመብዛቱ ከአንድ ማጠጫ ጠጥተው ጠፉ።

በዚያን ጊዜ አንዲት ተማሪ ባዶ ጄሪካኗን እንደ ያዘች ወደ እኔ ቀርባ «ጋሼ፤ ይህን ሁሉ ውሃ ለእናቴ ባደርሰው አይሻልም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማናቸውንም ተክል ከማስተከሌ በፊት በዚህች ልጅ ጥያቄ እመዝነዋለሁ።

ጥፋቱ የተክሎቹ አልነበረም፤ ጥማቸው የማይመሳሰለውን በአንድ መደብ ያስቀመጥሁ የእኔ ነበር እንጂ። የደረቅ አገር አትክልተኛ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ተክል ምን ያህል ያምራል?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ተክል ጥሙን በምን ይችለዋል?» ብሎ ነው። እኔ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርሁና ከመካከላችን አንዱ የለመነውን አጠራቅሞ ለክፉ ቀን ሲያኖር፤ ሌላው ሩቅ መንደር ድረስ ሄዶ ሲፈልግ፤ ሌላውም ያገኘውን ዕለቱን በልቶ ሲጠግብ አይቻለሁ። የበረሓ ተክሎችም አኗኗራቸው እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አጠራቃሚዎች ናቸው፤ እነዚህም እሬትና ቁልቋል ናቸው። በዝናም ጊዜ ያገኙትን ውሃ በወፍራም ቅጠላቸው ወይም በግንዳቸው ያኖሩታል። ሌሎች ተክሎች የቅጠላቸውን ቀዳዳ በቀን ከፍተው ሲተነፍሱ ፀሐይ ውሃቸውን ታተንነዋለች፤ እነዚህ ግን ቀዳዳቸውን አብዛኛውን የሚከፍቱት አየሩ በሚቀዘቅዝበት በሌሊት ነው። ስለዚህ ውሃ የሚያበዛላቸው ሰው ይጐዳቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም።

ሁለተኞቹ ፈላጊዎች ናቸው፤ እነዚህም እንደ ግራር፤ እንደ በደኖና እንደ ቁርቁራ ያሉት ዛፎች ናቸው። ሥራቸውን ወደ ጥልቅ ሰድደው የውስጡን እርጥበት ይቀዳሉ። ነገር ግን ሥሩ ወደ ታች የሚሄደው ውሃው ወደ ታች ሲሄድ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የምንረጭ እንደ ሆነ ሥሩ ከላይ ቀርቶ በመጀመሪያው የሐሩር ሳምንት ይቃጠላል፤ አልፎ አልፎ በብዙው ያጠጣን እንደ ሆነ ግን ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል።

ሦስተኞቹ ፈጣኖች ናቸው፤ እንደ ማሾ ያሉት ከዝናሙ ጋራ በቅለው በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ፍሬ ሰጥተው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ከድርቁ ጋራ አይታገሉም፤ ከመምጣቱ በፊት ይቀድሙታል።

ይህን ከለየን ዘንድ ማጐራበቱ አይቸግርም። ግቢውን በሦስት ክበብ እንክፈለው።

አንደኛው ክበብ ከእጅ መታጠቢያውና ከውሃ ማስቀመጫው አጠገብ ያለው ነው። በዚህ ውሃ የሚወዱትን ብቻ፤ እነርሱንም ጥቂት አድርገን እንተክላለን። የመታጠቢያው እጣቢ ወደ አንድ ሁለት የሙዝ እግር እንዲፈስስ ቦይ ይበጅለት፤ ቃሪያና ቆስጣ ግን በንጹሕ ውሃ ይጠጡ፤ በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ እጣቢ ማፍሰስ አይገባምና። በዚያ በከንቱ የደረቀብኝ ሙዝ ቦታው ይህ ነበር።

ሁለተኛው ክበብ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በዚህ ሮማን፤ ቁርቁራና በኮንሶ ሰዎች ዘንድ ቅጠሉ ተቀቅሎ የሚበላው ሽፈራው ይተከላሉ። እነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሥራቸውን እስኪሰድዱ ድረስ እርዳታ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ በጣም በደረቀ ወራት ብቻ ይበቃቸዋል።

ሦስተኛው ክበብ የግቢው ዳር ነው። እዚህ ከዝናም በቀር ውሃ አይደርስም። እሬት፤ ግራር፤ በደኖ፤ ኪትክታም የዚህ ቦታ ሰዎች ናቸው። የሚተከሉትም ዝናሙ ምድሪቱን ካራሰ በኋላ እንጂ በበጋ አይደለም። ቁልቋልን ለአጥር የሚተክል ሰው ግን ነጭ ወተቱ ዐይን እንደሚጐዳ ያስብ፤ ከልጆች መጫወቻም ያርቀው።

ጐረቤት መልካም የሚሆነው በጥም በመመሳሰል ብቻ አይደለም፤ በመረዳዳትም ነው። ትልቁን ዛፍ ከመደቡ በምዕራብ በኩል ብናቆመው ከቀትር በኋላ ያለውን ብርቱ ፀሐይ ለታናናሾቹ ይከላከልላቸዋል። በሐረርጌ ገበሬዎች ዘንድ ገርቢ የሚባለውን የግራር ዐይነት ተመልከቱ፤ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋም ይለብሳል። ስለዚህ በሥሩ ለተዘራው እህል በዝናም ጊዜ ብርሃን አይነሣውም፤ የረገፈው ቅጠሉም ምድሪቱን ያፋፋል። ማሾም ከሥሩ ጋራ ተባብረው በሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት አማካይነት ዐፈሩን የሚያበለጽግ ነውና በዛፎቹ መካከል በክረምት ቢዘራ ይጠቅማል። ነገር ግን ማራራቅን አትርሱ፤ በደረቅ አገር በሁለት ተክሎች መካከል ያለው ባዶ መሬት ለሁለቱም ሥር ማዕዳቸው ነው።

ድርቅ የሚችል ሁሉ ግን ደግ ጐረቤት አይደለም። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ የሚጠጣ ነውና ከጉድጓድና ከምንጭ አጠገብ አይተከል። ከአሜሪካ አገር የመጣው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በረሓውን እንዲያለመልም ተብሎ በአፋር ምድር ተተከለ፤ ዛሬ ግን ሰፊውን የግጦሽ መሬት ወርሶ ከብት አርቢውን አስጨንቆታል። ስለዚህ የማናውቀውን ዘር ከማምጣታችን በፊት በአቅራቢያችን ማንም ሳያጠጣው የቆመውን ዛፍ እንመልከት፤ ስሙንና ጠባዩንም የአገሩን ሽማግሌ እንጠይቅ። እናንተ ሽማግሌዎች በዚህ ነገር መጻሕፍት ናችሁ።

አተካከሉም እንደ ደጋው አይደለም። በደጋ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ እናደርጋለን፤ በቆላ ግን የሚያልፈው ጐርፍ ገብቶ እንዲሰርግ ዝቅ እናደርገዋለን። እሬትን ብቻ ጠጠር ባለበት ከፍታ ላይ እናኑረው። በመደቡ ላይ ድርቆሽ ቢነጠፍ እርጥበቱ አይተንም፤ ነገር ግን ምስጥ እንዳይስብ ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ምስጥ በበዛበት አገር በድርቆሽ ፈንታ ጠጠር ይነጠፍ።

ለመምህራን አንድ የሒሳብ ትምህርት ልጨምር። በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናም ቢዘንብ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ርዝመቱ 8 ሜትር ወርዱ 5 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 40 ሜትር ካሬ ነው። እንግዲህ 10 ሚሊሜትር የሚሆን አንድ ዝናም በዚያ ጣራ ላይ 400 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው። ይህም እነዚያ አርባ ተማሪዎች በዐሥር ቀን የተሸከሙት ውሃ ነው። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ አሸንዳና በርሜል ያለው ትምህርት ቤት ከልጆቹ ጀርባ ብዙ ሸክም ያወርዳል። ይህን ቍጥር ተማሪዎቹ ራሳቸው ጣራውን ለክተው እንዲያወጡት አድርጉ።

እኔም ከዚያ ጥፋቴ በኋላ አትክልቱን በዚህ ሥርዐት እንደ ገና አስተከልሁት። ሁሉ አልጸደቀም፤ ሁለት ሽፈራው ፍየል በላቸው፤ አንድ ቁርቁራም ደረቀ። ሮማኑ ግን በሦስተኛው ዓመት አፈራ፤ እሬቱም ማንም ሳያጠጣው አበበ። ተማሪዎቹም ለአትክልት ውሃ መሸከማቸው ቀርቶ ጄሪካናቸውን ሞልተው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ጀመር።

በመጨረሻ፤ ጸሐፊ ነኝና የጸሐፊ ምክር ልስጥ። ለአትክልቱ አንድ መዝገብ ክፈቱ። የተተከለበትን ቀን፤ የፈሰሰለትን ውሃ በሊትር፤ የደረቀውንና የጸደቀውን ጻፉበት። መምህር ቢለወጥ መዝገቡ ይቀራልና ተከታዩ የቀደመውን ስሕተት እንዳይደግም ይረዳዋል። በየዓመቱም ከመትከላችሁ አስቀድሞ የዚያችን ልጅ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ውሃ ለእናቷ ቢደርስ ይሻላልን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ያን ተክል ተዉት፤ በምትኩም በዝናም ብቻ የሚኖረውን ትከሉ።