ከሽቦው አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ቃል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ሕዝቡ «ብሬስ» እያለ ስለሚጠራው የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ጥቂት ቃል እንድናገር በመጋበዜ የተሰማኝን ደስታ በቅድሚያ እገልጻለሁ። ከመካከላችሁ የሚበዙት በሌላ የሕክምና ዘርፍ የተሰማራችሁ እንደ መሆናችሁ፣ ሐተታዬ ስለ መሣሪያዎቹ ዓይነት ሳይሆን፣ ታካሚውና ቤተሰቡ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሊያውቁት ስለሚገባው ነገር ይሆናል። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ እኛ ከማምጣታቸው አስቀድሞ ብዙውን ጊዜ የሚያማክሩት እናንተን ነውና።

የምሠራው በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ስፍራው ለመርካቶ ቅርብ በመሆኑ ወደ እኛ የሚመጣው ነጋዴው፣ የሱቅ ሠራተኛውና ተማሪው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በርበሬና ቅመማ ቅመም የሚነግዱ አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ በተናገረች ቁጥር አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እናቲቱም፣ «ዶክተር፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ያማታል ወይ? ከተስተካከለስ በኋላ ተመልሶ አይጣመምም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄዎቹን ስሰማ ትዝ ያለኝ ሌላ ታካሚ ነበር። ይህ ወጣት የሱቅ ሠራተኛ ከደመወዙ እየቆጠበ ሕክምናውን ሲጀምር፣ «አንድ ዓመት ያህል ነው» ብዬ በችኮላ ነግሬው ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ሥራው አላለቀም፤ እሱም ቃሌ እንደ ታጠፈ ቈጥሮ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ ሽቦው ገና ከአፉ አልወጣም፤ በየብራኬቱ ዙሪያ ጥርሱ ነጣ ነጣ ብሎ፣ ከፊሉም ተቦርቡሮ ነበር። ሽቦውን አውልቀን የተቦረቦረውን ሞላንለት፤ ሕክምናውን ግን ዳግመኛ ሊጀምር አልፈለገም። ጥፋቱ ከእሱ ይልቅ የእኔ ነበር። እውነቱን አስቀድሜ አልነገርሁትምና።

ከእናቲቱ ሦስት ጥያቄዎች በፊት የሚመጣ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሕክምናው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ነው። በአገራችን ፍንጭት የውበት ምልክት ሆኖ ሲደነቅ የኖረ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ካልጠላው በቀር እኛ እንደ በሽታ ልንቈጥረው አይገባም። በአንጻሩ ጥርስ በጥርስ ላይ ተደራርቦ ለማጽዳት ሲያስቸግር፣ የላዩና የታቹ ሳይገጥም ቀርቶ ማኘክን ሲያውክ፣ ወይም የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከልክ በላይ ወጥተው ለመሰበር ሲጋለጡ፣ ሕክምናው ከመልክ ያለፈ ጥቅም ይኖረዋል።

ከዚህም ጋር ሁለት የአገራችንን ጉዳዮች ማንሳት ግድ ይላል። አንደኛው፣ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» በማለት ገና ያልበቀለውን የወተት ክራንቻ ከድዱ ፈልፍሎ የማውጣት ልማድ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ ስለሚጐዳ፣ ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ተበላሽቶ ሊወጣ ወይም ከነጭራሹ ሊቀር ይችላል፤ ጎረቤቶቹም ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ። ሁለተኛው፣ በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጡ ባደጉ ሰዎች ላይ የሚታየው የጥርስ መበለዝ ነው። ሽቦ ጥርስን ያሰልፋል እንጂ አያነጣም፤ በበለዘ ጥርስ ላይ ብራኬት አጥብቆ ማጣበቅም ይበልጥ ያስቸግራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እመለሳለሁ። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥርስን ከብረት ጥፍጥፍ ጋር በክር እያሰሩ ስለ ማሰለፍ ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል በ1899 የጥርስን አገጣጠም በክፍል በክፍል የለየበት ሥርዓትም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ተሻሽሏል፤ የአጥንት ጠባይ ግን አልተለወጠም። ጥርስ እንደ ሚስማር በአጥንት ውስጥ የተመታ ሳይሆን፣ በቀጫጭን ጅማቶች የተያዘ ነው። ሽቦው በዝግታ ሲገፋው፣ ወደሚሄድበት በኩል ያለውን አጥንት ሕዋሳት ይሸረሽሩታል፤ በለቀቀው በኩል ደግሞ ሌሎች ሕዋሳት አዲስ አጥንት ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥርሱ በወር የሚጓዘው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከመጠን ያለፈ ጕልበት ቢታከልበት የጥርሱ ሥር ሊሸረሸርና ሊያጥር ይችላል እንጂ ሥራው አይፈጥንም። ስለዚህ ሙሉ ሕክምና ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚወስድ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ቀጠሮ እንደሚኖር በግልጽ መናገር ይገባል። ይህን በነገርኋቸው ጊዜ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉኝ እናቲቱ ራሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሕመም ነው። ብራኬቶቹ ሲጣበቁ አያምም። ሽቦው ከታሰረ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ጥርሱ መጠዝጠዝ ይጀምራል፤ በማግስቱ ይብሳል፤ በሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይበርዳል። ሽቦው በተለወጠ ቁጥርም ጥቂት ጥቂት ይመለሳል። ከንፈርና ጉንጭ ሲላጥ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥና በብራኬቱ ላይ ሰም መለጠፍ ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥሚት፣ ገንፎና በወጥ የራሰ እንጀራ ይበቃል።

ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው የዕለት ተዕለቱ ጥንቃቄ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የሚያጣብቅ ከረሜላና ማስቲካ እስከ ፍጻሜው ድረስ መቅረት አለባቸው። አጥንት መጋጥም ሆነ በክረምት የሚጠበሰውን በቆሎ ከነቆረቆንዳው መግመጥ እንዲሁ ነው። ቡና በተፈላ ቁጥር ቆሎ በሚቀርብበት ቤት ይህ ቀላል ትእዛዝ አለመሆኑን እንገንዘብ፤ ልጅቱ ብቻ ሳትሆን ቤተሰቡ በሙሉ ሊሰማው ይገባል። በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው መፋቂያ መልካም ልማድ ቢሆንም፣ በሽቦና በድድ መካከል በሚገባ ሊደርስ አይችልም። ከየምግቡ በኋላ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ያስፈልጋል። ይህ ከተጓደለ በብራኬቱ ዙሪያ የሚቀረው ነጭ ጠባሳ ከተሰለፈው ጥርስ ጋር አብሮ ይኖራል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው ነው። «ተመልሶ አይጣመምም?» ለሚለው እውነተኛው መልስ፣ ካልያዙት ይጣመማል የሚል ነው። ሽቦው በሚወጣበት ቀን ጅማቶቹና አዲሱ አጥንት ገና አልጸኑም። ስለዚህ «ሪቴይነር» የተባለውን ማቆያ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሌትና ቀን፣ ከዚያም ሌሊት ሌሊት ለብዙ ዓመታት ማድረግ ያስፈልጋል። ሽቦው የወጣበትን ቀን እንደ መጨረሻ የቈጠረ ታካሚ የደከመበትን መልሶ ያጣል።

እናቲቱ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ወዲያው አልወሰኑም። «ገንዘቡን ላስላ፤ ልጄም ታስብበት» ብለው ሄዱ። እኔም፣ «እትዬ፣ ደግ አደረጉ» አልኋቸው። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ፤ ሕክምናውም 26 ወር ፈጀ። ልጅቱ አልፎ አልፎ ብታለቅስም፣ ቀጠሮዋን አላጓደለችም። ዛሬም ሌሊት ሌሊት ማቆያዋን ታደርጋለች፤ ስትናገርም እጇን ወደ አፏ አትወስድም። እውነቱን ሰምተው ሳይመለሱ የቀሩም አሉ። ጀምሮ ከማቋረጥ አለመጀመር ይሻላልና በእነሱ አላዝንም።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወላጅ ልጁን ይዞ ሲጠይቃችሁ፣ ጊዜውን ሳታሳጥሩ፣ ሕመሙን ሳትሸሽጉ፣ ከሽቦው በኋላ ያለውንም ሳትዘነጉ እንድትነግሩት አደራ እላለሁ። ያ ወጣት ከእኔ የተነፈገው ይኸው ነበር።