«ዋው» ብቻ አያሳድግም

እሷ፦ ጀማሪ ሠዓሊዎች ሥራቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲለጥፉ የሚያገኙት መልስ «ዋው!»፣ «እጅህ ይባረክ» ነው። ደስ ይላል፤ ግን ምን ያስተምራል?

እሱ፦ ሞራል ይሰጣላ! ጠንካራ ሂስ ስንቱን ብሩሽ አስጥሏል። በፈረንጆቹ 1885 ሠዓሊው ቫን ራፓርድ የወዳጁን የቫን ጎን «ድንች በሊታዎች» የተባለ ሥዕል በደብዳቤ ክፉኛ ተቸ። ቫን ጎ ተቆጥቶ ደብዳቤውን መለሰለት፤ ወዳጅነታቸውም ሻከረ።

እሷ፦ ብሩሹን ግን አልጣለም። በ1886 መጀመሪያ አንትወርፕ በሚገኘው አካዳሚ ገብቶ የሰው ምስል መንደፍ ተለማመደ።

እሱ፦ ሁሉም እንደ ቫን ጎ አይጸናም እኮ።

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ስለዚህ ሂሱ ሥራውን እንጂ ሰውየውን አይንካ። ለምሳሌ ብዙ ጀማሪ ዓይንን ወደ ግንባር አስጠግቶ ይስላል፤ የዓይን ቦታ ግን ከጭንቅላት ቁመት እኩሌታ ላይ ነው። «አትችልም» ማለት ስድብ ነው። «ዓይኖቹ ከፍ ብለዋል፣ ዝቅ አድርጋቸው» ማለት ግን ቢያምም ትምህርት ነው።

እሱ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ስሕተቱ ከነማረሚያው ይነገር።

እሷ፦ አዎ። አድማጮቻችን፣ ሰው የደከመበትን ሥዕል በደንብ ሳያዩ ማሞገስ ድካሙን መናቅ ነው። አስተውላችሁ እዩ፤ ያያችሁትንም በግልጽ ንገሩት።