ሁለት በር ስላለው ኰምፒዩተር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ንግግራችን በኮልፌ ቀራንዮ በሚገኘው በዚህ ትምህርት ቤት እኛ የ12ኛ ክፍል የኰምፒዩተር ክበብ አባሎች ስለ ሠራነው ጥቂት ሥራና ስለ ፈጸምነው አንድ ስሕተት ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለከፊሉ ተማሪ በኰምፒዩተር መሰጠት እንደ ጀመረ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ታናናሾቻችን ከወዲሁ እንዲለማመዱ አሰብን። ነገር ግን ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣን መስመር አንድ ሲሆን ኰምፒዩተሮቻችን ብዙ ናቸው። እንግዲህ በመካከል ቆሞ የሚያስተላልፍ በረኛ አስፈለገን። ለዚህም ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ኰምፒዩተር አውጥተን ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ሲስተም ጫንንበት። ከኛ መካከል ስሙን እንኳ የሰማ አልነበረም። ይሁን እንጂ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ከተሠራው ሲስተም ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ነው፤ ዋጋ አይከፈልበትም፤ ኔትፍሊክስም ፊልሞቹን የሚያድለው በእርሱ ነው።

በረኛው ሁለት በር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ሁለት የኔትዎርክ ካርድ ነው። ፍሪቢኤስዲ ካርዶችን የሚጠራቸው በሚያንቀሳቅሳቸው ፕሮግራም ስም ነውና የሪልቴኩ ካርድ «አርኢ0»፣ የኢንቴሉ «ኢኤም0» ተባለ። የመጀመሪያው ወደ ውጭ፣ ሁለተኛው ወደ ክፍላችን ይመለከታል። የውጭው አድራሻውን ከራውተሩ ይቀበላል፤ ለውስጡ ግን የምንሰጠው እኛ ነን። የራውተሩ ወገን 192.168.1 ስለ ነበረ፣ እኛም ሳናስተውል ለውስጡ ያንኑ ሰጠነው፤ ምንም አልሠራም። ለአየር ጤናም ለጦር ኃይሎችም አንድ ስም ቢወጣላቸው የታክሲ ረዳት ተሳፋሪውን ወዴት ብሎ ይጠራል? የውስጡን 192.168.10.1 ብለን በለየን ጊዜ ነገሩ ተቃና። ቀጥሎም በአንዱ በር የገባውን በሌላው እንዲያሳልፍ አዘዝነው፤ ካልታዘዘ አያሳልፍምና። የውስጥ ቍጥሮች በውጭ ስለማይታወቁም፣ መልእክቱን በራሱ ስም ልኮ መልሱን ለባለቤቱ እንዲያደርስ «ፒኤፍ» በተባለው መሣሪያ ሥርዓት ሠራንለት።

ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ስሕተታችንም እዚህ ላይ ነው። ትእዛዞቹን የሰጠነው ለጊዜው ብቻ፣ በቃል እንደሚታዘዝ ያህል ነበር እንጂ ኰምፒዩተሩ ሲነሣ በሚያነበው «አርሲ ዶት ኮንፍ» በተባለው መዝገብ አልጻፍናቸውም። እንዲህ ያለው ትእዛዝ የሚኖረው ኰምፒዩተሩ እስኪጠፋ ድረስ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታናናሾቻችን በመልመጃ ላይ ሳሉ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ በረኛው የታዘዘውን ሁሉ ረስቶ ነበር።

በዚያን ቀን ክፍሉን የጠረገው አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ገመድ ነቅለሃል» ተብሎ ተወቀሰ። እኛ ምክንያቱን በዚያው ማታ ዐወቅን፤ ነገር ግን ስላፈርን ዝም ብለን ወደ ቤታችን ሄድን። ያች ሌሊት ረዘመችብን። በማግሥቱ በሰልፍ ላይ ጥፋቱ የኛ መሆኑን ተናግረን ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም «እንግዲያው እኔንም አስተምሩኝ» አለን እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረም።

መስመሮቹን በመዝገቡ የጻፈው እርሱ ነው፤ ለሁለቱ ካርዶች አንዳንድ፣ ለማስተላለፉ አንድ፣ ለፒኤፍ አንድ፣ በጠቅላላው አራት መስመር። ከዚያም ኰምፒዩተሩን ሆን ብለን አጥፍተን አስነሣነው፤ ሁለቱንም በሮች ራሱ ከፈተ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ስለዚህ የሠራነውን ሁሉ፣ ስሕተታችንን ጭምር፣ በደብተር ጽፈን ለክበቡ አስረክበናል። ውድ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ደብተሩን አንብቡት፣ አርሙት፣ ጨምሩበት። ጥፋት ሲገኝም ከሁሉ አስቀድማችሁ የራሳችሁን እጅ መርምሩ።