ሕግ ቅድሚያ ይሰጣል፤ መንገድ ግን አይሰጥም
የፖሊስ ተሽከርካሪ በበረዶና በዋልካ ላይ



የንግግሬን ርእስ ያዩ አንዳንድ ባልደረቦቼ ‹‹አምቦ ላይ ምን በረዶ አለና ነው?›› ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቋንቋችን ከሰማይ የሚወርደውንም ጠጠር፣ የረጋውንም ውኃ፣ በሰሜን አገሮች ምድርን የሚያለብሰውንም ነጭ ብናኝ በአንድነት ‹‹በረዶ›› ይለዋል። ከእነዚህ እኛ በቅርብ የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው። ከጀልዱ ደጋ ወይም ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ብርቱ በረዶ ሲጥል መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ይለብሳል፤ ጎማም በጠጠሮቹ ላይ ይንከባለላል። ይህ ግን ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል። ለወራት የማይቀልጠው የእኛ ‹‹በረዶ›› ጥቁር ነው፤ ዋልካ ይባላል፣ በአፋን ኦሮሞም ኮቲቻ።

ይህ አፈር በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን የጊንጪ አካባቢ ከታወቁት ስፍራዎቹ አንዱ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባው መሬት በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ላዩም እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በበረዶ ላይ ስለ መንዳት በሌሎች አገሮች የተገኘው እውቀት ለእኛም የሚጠቅመን በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ጎማ መንገድን የሚይዝበት የሰበቃ ልክ በደረቅ አስፋልት ላይ 0.7፣ በእርጥብ አስፋልት 0.5፣ በተረገጠ በረዶ 0.2፣ በረጋ በረዶ ደግሞ 0.1 ገደማ ነው። እርጥብ ዋልካ ከእርጥብ አስፋልት ይልቅ ለተረገጠው በረዶ ይቀርባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት አንሥቶ እስኪቆም ድረስ በደረቅ አስፋልት 20 ሜትር፣ በእርጥብ አስፋልት 28 ሜትር፣ በተረገጠ በረዶ 71 ሜትር፣ በረጋ በረዶ 142 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ሌላ 17 ሜትር ይጨመራል። ሳይረኑ ቢጮህም፣ መብራቱ ቢብለጨለጭም፣ ከእነዚህ ሜትሮች አንዱም አይቀነስም። ሕግ ለፖሊስ ተሽከርካሪ ቅድሚያ ይሰጣል፤ መንገድ ግን አይሰጥም።

በዚህ ላይ ‹‹ፎር ዊል አለን›› የሚል መልስ ዘወትር ይሰማል። የወረዳ ፖሊሶቻችን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ፒክአፕ በእርግጥ ጠንካራ መኪና ነው። ኋላው ባዶ ሲሆን ክብደቱ ወደ ሞተሩ ስለሚያደላ የኋላ ጎማዎቹ በጭቃ ላይ በከንቱ ይሽከረከራሉ፤ የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማ ሲከፋፈል ግን መኪናው ይወጣል። ነገር ግን ልብ እንበል፦ ፎር ዊል የሚያግዘው ለመነሣትና ለመውጣት ነው። ፍሬን በማንኛውም መኪና ላይ ቀድሞውንም አራቱንም ጎማ ይይዛል። ስለዚህ ፎር ዊል ያለውም የሌለውም መኪና ለመቆም ያላቸው አቅም አንድ ነው። እንዲያውም ፎር ዊል የመንገዱን ማሟለጭ ይደብቃል፤ መኪናው ሲነሣ ስላልተንሸራተተ ሹፌሩ ሲያቆምም የማይንሸራተት ይመስለዋል። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓትም መሪው እንዲታዘዝ ያደርጋል እንጂ በልል ጠጠርና በጭቃ ላይ መቆሚያውን ሊያስረዝመው ይችላል።

የቀረው ጎማው ነው። ስዊድን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር የክረምት ሁኔታ ባለበት መንገድ ሁሉ ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ የክረምት ጎማ በሕግ ታስገድዳለች። በዚያ ጎማ ጥርሶች መካከል የሚገባው በረዶ መንገዱ ላይ ካለው በረዶ ጋር ስለሚያያዝ ጎማውን ይረዳዋል። ዋልካ ግን ተቃራኒ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ሲሞላ ጎማው እንደ በርሜል ልሙጥ ይሆናል። ስለዚህ ለእኛ የሚያስፈልገን ጥርሱ የተራራቀ፣ ሲሽከረከር ጭቃውን የሚተፋ ጎማ ነው። በብርቱ ዳገት ላይ ደግሞ ለበረዶ የተሠራው ሰንሰለት ለጭቃም ያገለግላል።

አሁን አንድ ሌሊት እናስብ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ከአንድ የገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ፖሊስ ተደውሎ ሰው መቁሰሉ ይነገራል። አዛዡ ‹‹ፍጠን›› ይላል፤ ስድስት ሰዎች ከፒክአፑ ኋላ ይቀመጣሉ። ሹፌሩ በአስፋልቱ ላይ ይበርራል፤ ወደ ፒስታው ሲታጠፍም ፍጥነቱ ገና ከእርሱ ጋር ነው። 100 ሜትር ራዲየስ ያለውን ኩርባ በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት እስከ 94 ኪሎ ሜትር መዞር በስሌት ይቻላል፤ የሰበቃው ልክ 0.2 ሲሆን ግን ወሰኑ 50 ነው። ከኋላ የተቀመጡት ቀበቶ የላቸውም፤ ክብደታቸውም መኪናውን ለመገልበጥ ያቀርበዋል። መኪናው ቢገለበጥ ቁስለኛው ረዳቱን ያጣል፤ ቁስለኞችም ይበዛሉ። ዘግይቶ የደረሰ ፖሊስ ይወቀሳል፤ ያልደረሰ ፖሊስ ግን ራሱ የሚደርስለት ይሻል።

ስለዚህ አራት ነገሮችን በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የጎማ ምርመራ ከሰኔ በፊት ይፈጸም። ሁለተኛ፣ ሹፌሮች በእርጥብ ሜዳ ላይ በዝግታ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር፣ መንሸራተትንና መሪ መመለስን ይለማመዱ፤ መጀመሪያ የሚንሸራተቱት ሰው ሊረዱ ሲሄዱ መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ ‹‹ይህ መንገድ አያሳልፍም›› የማለት መብት ለሹፌሩ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ማዕረግ ጭቃን አያደርቅም። አራተኛ፣ መኪና የማይገባበትን ቀበሌ ከክረምት በፊት ለይተን በዚያ በፈረስ መድረስን እናደራጅ። ፈረስ በዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ፈረሰኛ ፖሊስም ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነበር። ከዚያ ዘመን ወዲህ አስፋልቱ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ ርቋል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ ግን ዛሬም በየክረምቱ ከዋልካው ማዶ ነው። ወደ እርሱ የሚሄደው መኪና በፍጥነቱ ሳይሆን በመድረሱ ይመዘን።