የጌም ዋጋ ከሚሰጠው ጋር ይመጣጠናል ወይ?

(በእነዋሪ በተካሄደው የማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የብድር ኮሚቴያችን በዚህ ወር ከቀረቡለት ማመልከቻዎች አንዱን ሳይወስን ወደዚህ ስብሰባ አስተላልፎታል። አንዲት አባላችን ከልጇ ጋር ሆና ጌም ቤት ለመክፈት ብድር ጠይቃለች። ለሰንጋ ማድለቢያ፣ ለእህል ንግድ፣ ለሻይ ቤት ሲጠየቅ እንዴት እንደምንመዝነው እናውቅበታለን። ጌም ቤት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከኮሚቴው አንዷ እናት፣ «ልጆቻችን ገንዘባቸውን የሚያፈሱበትን ቤት በገዛ ቁጠባችን እንክፈት?» አሉ። ሌላዋ ደግሞ፣ «ለጨዋታ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ብክነት ከሆነ፣ ለሠርግ ዘፋኝ የምንከፍለውስ ምን ሊባል ነው?» ብለው መለሱ። ነገሩ እዚያ ላይ ስለቆመ የሒሳብ ሠራተኛዋ አጥንታ ታቅርብ ተባለ።

እኔ ጌም አልጫወትም። ስለ ጨዋታው ጣዕም የምነግራችሁ የለኝም። ዋጋ ግን ሥራዬ ነው። ስለዚህ አንዲት ጥያቄ ብቻ ልያዝ፤ ለጌም የሚከፈለው ገንዘብ በምላሹ ከሚገኘው ጋር ይመጣጠናል ወይ? ካልተመጣጠነስ የማን ኪስ ነው የሚጎዳው?

በመጀመሪያ ጌም እንዴት ዋጋ እንደሚወጣለት እንይ። አንዲት እናት ጠላ ጠምቃ ስትሸጥ፣ ለእያንዳንዱ ጋን ገብስ፣ ጌሾ፣ ማገዶ ያስፈልጋታል። ሁለተኛውን ጋን ስትጠምቅ ወጪው እንደገና ይመጣል። ጌም እንዲህ አይደለም። የመጀመሪያውን ለመሥራት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ለዓመታት ደመወዝ ይበላሉ። ከተሠራ በኋላ ግን ሁለተኛው፣ ሺኛውና ሚሊዮንኛው ቅጂ የሚያስወጣው ምንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው የቅጂው ወጪ አይደለም፤ ገዢው ምን ያህል ሊከፍል ይችላል የሚለው ግምት ነው። ግምቱ የተሠራው ደግሞ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ገዢ ኪስ ልክ ነው።

ቁጥሩን ልጥራ። እ.ኤ.አ. ከ2005 አካባቢ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የአንድ አዲስ ትልቅ ጌም ዋጋ 60 ዶላር ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 በወጣበት በ2020 ብዙዎቹ ወደ 70 ዶላር ከፍ አሉ። በ2025 ኔንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ማሪዮ ካርት ወርልድ የተሰኘውን ጌም በ80 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ በውጭ አገር ያሉ ተጫዋቾች ብዙ አጉረመረሙ። እንግዲህ በ20 ዓመት ውስጥ ከ60 ወደ 80 መሄድ ማለት የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ነው። በዚህ ዘመን በ20 ዓመት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ብቻ የጨመረ ዕቃ ጥሩ ብባል፣ እኔ አላውቅም።

ወደ ብር ስንለውጠው ግን ሌላ ታሪክ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ነበር፤ የ60 ዶላሩ ጌም ወደ 520 ብር ገደማ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና፣ 70 ዶላር ማለት 4,000 ብር ያህል ነው። ዛሬ ለስሌት እንዲመቸን ዶላሩን በ150 ብር ብንይዘው ያው 70 ዶላር 10,500 ብር ይሆናል። ጌሙ ያው ነው፤ የሠሪውም ዋጋ ያው ነው። የተለወጠው የእኛ ብር ነው።

አሁን ከገቢ ጋር እናስተያየው። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ያን የሚያገኝ ሠራተኛ የ70 ዶላር ጌም ለመግዛት 10 ሰዓት የማይሞላ ይሠራል። በእኛ አገር ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው ደመወዝ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ያ ሠራተኛ ሳይበላ ሳይጠጣ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው፤ አዲስ ጌም ለተሠራለት ገዢ ውድ አይደለም፤ ለእነዋሪ ልጅ ግን ብቻውን የሚገዛው ዕቃ አይደለም።

ታዲያ ልጆቻችን እንዴት ይጫወቱታል? እኛ ሰንጋ በምንበላበት መንገድ ነው። የጅሩ ሰንጋ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ለፋሲካ ብቻውን ገዝቶ የሚያርድ ስንት ሰው አለ? ቅርጫ ይገባል። ጌም ቤት ማለት የጌም ቅርጫ ነው። ቀድሞ ጆተኒ፣ ከረንቡላና ፑል እንደዚሁ ነበሩ፤ ማንም ልጅ የጆተኒ ጠረጴዛ ቤቱ አልገዛም።

የቅርጫውን ሒሳብ በግምት ልሥራው። ቤቱ አንድ ጌም በ10,500 ብር ገዛ እንበል። በዓመት 300 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 2,400 ሰዓት ይሆናል። 10,500ን ለ2,400 ስናካፍል በሰዓት 4 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። መብራት የቀኑን ግማሽ ቢጠፋ ደግሞ 8 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ግጥሚያ ቢካሄድና ለአንዱ 10 ብር ቢከፈል ገቢው 40 ብር ነው። የቀረው ለቤት ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለማሽኑ፣ ቶሎ ቶሎ ለሚሰበረው ጆይስቲክና ለሚውልበት ሰው ጉልበት ነው። ይህን ስመለከት ለልጁ የሚጠየቀው ዋጋ ግፍ ነው ለማለት አልችልም። ሁለት ልጆች ለአንድ ሰዓት ደስታ 20፣ 20 ብር ቢያወጡ ከአንድ ማኪያቶ ጋር የሚቀራረብ ወጪ ነው።

ነገር ግን እናቶቼ፣ ዋጋው ሁለት 20 ሆኖ ቢከፈል ነው ይህ ሒሳብ የሚሠራው። በብዙ ቦታ ያለው ልማድ «የተሸነፈ ይከፍላል» ነው። አራት ግጥሚያ ሲካሄድ አራቱንም የተሸነፈው ልጅ 40 ብር ይከፍላል፤ ያሸነፈው በነጻ ይጫወታል። ሁልጊዜ የሚሸነፈው ማነው? አዲሱ፣ ትንሹ፣ ገና ያልለመደው ልጅ ነው። ያወጣውን ለማስመለስ ደግሞ እንደገና ይቀመጣል። ስለዚህ ዋጋውን የሚያዛባው 10 ብሩ አይደለም፤ አከፋፈሉ ነው። ጨዋታ የነበረው ነገር በዚህች አንዲት ደንብ ወደ ውርርድ ይንሸራተታል። ከዚያ ወዲያ በጎን ገንዘብ ማስያዝ ሩቅ አይደለም።

ሌላም ላንሳ። ልጆቹ ዛሬም «ፊፋ» የሚሉት የእግር ኳስ ጌም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በዚያ ስም ይወጣ ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። በየዓመቱ አዲስ ይወጣል፤ በሙሉ ዋጋ ይሸጣል። ከአምናው የሚለየው በአብዛኛው የተጫዋቾች ዝውውር፣ አዲስ መለያና አንዳንድ ማሻሻያ ነው። ለዚህ ልዩነት 70 ዶላር መክፈል በእኔ ዓይን ተመጣጣኝ አይደለም። ዓመት ሁለት ዓመት ያለፈው ቅጂ ዋጋው በጣም ይወርዳል፤ ኳሱም ያው ኳስ ነው። ጌም ከሚሸጡ ዕቃዎች ሁሉ ትዕግሥት ላለው ገዢ የሚመች ነው።

ከጌም ቤቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ ያለው ነው። ልጆቹ ስልካችንን ተቀብለው «ነጻ ነው» ብለው የሚጭኗቸው እንደ ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ያሉ ጌሞች አሉ። ሲጫኑ በእርግጥ አያስከፍሉም። ገቢያቸው የሚመጣው ውስጥ ገብቶ በሚሸጠው ነው፤ ልብስ፣ የመሣሪያ ቀለም፣ ዳይመንድ እየተባለ በትንሽ በትንሹ ይሸጣል። ዳይመንድ የሚባለው የጌሙ የራሱ ገንዘብ ነው። ብሩ መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ዶላሩ ወደ ዳይመንድ ስለሚለወጥ ልጁ ስንት እንዳወጣ ሊያስታውስ አይችልም። እኔ ደረሰኝ የማይሰጥ ነጋዴ አልወድም፤ ገንዘቤን ሁለት ጊዜ ለውጦ የሚሸጥልኝን ደግሞ ጭራሽ አላምነውም። አንዳንዱ ዕቃ እንደ ሎተሪ ነው፤ ሣጥኑን ትገዣለሽ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የምታውቂው ከከፈልሽ በኋላ ነው። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን የተከፈለበት ሣጥን ቁማር ነው ብላለች። በአሜሪካም በታኅሣሥ 2022 ፎርትናይት የተባለውን ጌም የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ በአጠቃላይ 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ከመንግሥት ጋር ተስማምቷል፤ ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ሳያስቡት እንዲገዙ ለተደረጉ ሰዎች የሚመለስ ነው። የ70 ዶላሩ ጌም ቢያንስ ዋጋውን በር ላይ ይነግርሻል። «ነጻ» የተባለው ግን ስንት እንደሆነ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው።

ስለ ተቀዳ ጌምም ዝም ብዬ አላልፍም። ብዙ ቤቶች ዋናውን አይገዙም፤ የተቀዳ ይጭናሉ። ከላይ ካለው የዋጋ ልዩነት አንጻር ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጨምራል። ደግሞ የሚጎዳው የውጭ ኩባንያ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ቀነ ጌምስ የተባለ የወጣቶች ድርጅት አባሯቸውን የምታመልጥ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጌም ሠርቷል፤ የእኛኑ ገበጣም ወደ ስልክ አምጥቷል። ጌም በነጻ የሚገኝ ነገር ነው ብለን ልጆቻችንን ካስለመድን፣ ነገ የእኛው ልጅ ጌም ሠርቶ ሲመጣ የሚከፍለው አይኖርም።

የመጨረሻው ወጪ በመዝገብ የማይገባው ነው። በየጌም ቤቱ የምናያቸው ወንዶች ልጆች ናቸው። ሴት ልጆቻችን በዚያ ሰዓት የት ናቸው? ውኃ እየቀዱ፣ እንጀራ እየጋገሩ፣ ታናናሾቻቸውን እየያዙ ነው። የወንድሟ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ዋጋ 20 ብር ብቻ አይደለም፤ እሱ የተወውን ሥራ እሷ ከሠራችው የእሷም አንድ ሰዓት ተጨምሮበታል። የሴቶች ማኅበር ሆነን ይህን ከሒሳቡ ብናወጣው ሒሳቡ ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ወደ ማመልከቻው። እኔ ብድሩ ይሰጥ ባይ ነኝ፤ ግን በሚከተሉት ግዴታዎች።

አንደኛ፣ ክፍያው በሰዓት ይሁን፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይክፈሉ፤ ዋጋው በሩ ላይ ይለጠፍ። «የተሸነፈ ይከፍላል» አይኖርም። ገንዘብ ማስያዝ ከተገኘ ብድሩ በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይግባ።

ሦስተኛ፣ በብድሩ ገንዘብ አዲስ የወጣ ጌም አይገዛ፤ ያለፉት ዓመታት ዋናው ቅጂ ይበቃል።

አራተኛ፣ መክፈያው ከ12 ወር አይለፍ። ለሰንጋ የምንሰጠውን ጊዜ ለዚህ መስጠት አይገባም። ሰንጋ በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል፤ ማሽን ግን በየቀኑ ዋጋው ይወርዳል። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006፣ 4 በ2013፣ 5 በ2020 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወጥተዋል። አዲሱ በመጣ ቁጥር የቀድሞው የዋስትና ዋጋው ይቀንሳል።

አምስተኛ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ለሴት ልጆች ብቻ ይከፈት፤ ዋጋውም ከሌላው ቀን አይበልጥ።

ለጋሾቻችንም አንድ ነገር እንድታውቁልን እፈልጋለሁ። ይህ ብድር ከአባላት ቁጠባ የሚወጣ ነው። እናንተ ለሥልጠናና ለልጃገረዶች ትምህርት የሰጣችሁት ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል፤ አይነካም።

እናንት እናቶች ደግሞ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ስልካችሁን ለልጃችሁ ከመስጠታችሁ በፊት የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራችሁን እንደማያውቅ አረጋግጡ። «ነጻ ነው» ካላችሁም «በመጨረሻ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካላወቀ ዋጋው ገና አልተነገረውም ማለት ነው።

ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው። የሠራሁትን ስሌት በወረቀት አድርጌ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። 10 ብር የሚለው ግምቴ ከገበያው የሚለይ ከመሰላችሁ የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ አስሉት። ልዩነት ካገኛችሁ ከድምፁ በፊት ንገሩን።