በክረምት የሚቆም መኪናና በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በንብረት ክፍሉ ስም የተነበበ ንግግር)

እንደምታዩት ሰኔ ገብቷል፤ ክረምቱ ደጃችን ላይ ቆሟል። በዛሬው ዕለት ሦስታችን የንብረት ክፍል ኃላፊዎች እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ መኪና ነው። «እድርን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው? ስለ ድንኳኑና ስለ ብረት ድስቱ ንገሩን እንጂ» የሚል አባል ይኖር ይሆናል። ለዚህ አባል የምንሰጠው መልስ በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የደረሰብንን ማስታወስ ነው።

በዚያን ዕለት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ጥሩንባ ተነፋ። ከእድራችን መሥራቾች አንዱ የነበሩ አባታችን ዐርፈው ነበር። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ንፍሮው ተጣደ። ቀብሩ በቀራኒዮ መድኃኔዓለም ለስድስት ሰዓት ተቀጠረ። በአምስት ሰዓት የእድሩን ሚኒባስ ልናስነሣ ሄደን ቁልፉን ብንጠመዝዝ ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። የሰው ባትሪ ተውሰን ብናገናኛት ሞተሩ ዞረ፣ አስነጠሰ፣ ነጭ ጭስ ተፋና ጠፋ። ወጣቶቹ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ እስከ አስፋልቱ ገፏት፤ አልሆነም። በመጨረሻ የሬሳ ሳጥኑ የተጫነው አጠና ተራ አጠና አራግፋ በምትመለስ የጭነት መኪና ላይ ነው። ቅርፊቱን እንኳ በወጉ ጠርገን አልጨረስንም ነበር። አረጋውያኑ በዝናብ በእግራቸው ተከተሉ። የሟቹ ልጅ ያን ቀን የተናገረችው እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «አባዬ እኮ ለዚች መኪና መግዣ የመጀመሪያውን መዋጮ የከፈለ ሰው ነው» ነበር ያለችው።

ጥፋቱ የማን ነበር? በሰዓቱ «የባትሪው ነው»፣ «የቤንዚኑ ነው» እያልን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ለማድረግ ሞክረናል። እውነቱን ብንናገር ጥፋቱ የእኛው ነው። የሚገርመው ደግሞ ሥራችንን ትተን አለመቀመጣችን ነው። ከሰኔ ጀምሮ በየማለዳው እየተፈራረቅን መኪናዋን አምስት አምስት ደቂቃ እናስነሣት ነበር። በመዝገቡም ላይ «ተነሥታለች» ብለን እንፈርም ነበር።

በማግሥቱ የመጣው መካኒክ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ሰደድ አደረገና አሳየን። ከክዳኑ ሥር የተለጠፈው ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ነበር። ካንዴላዎቹን ፈታ፤ እርጥብ ናቸው። ማርሚታውን ነካ ነካ ሲያደርገው ውሃ ተንጠባጠበ። «ይህን ሁሉ ውሃ የከተታችሁት እናንተው ናችሁ፤ በዚያችው በአምስት ደቂቃዋ» አለን። መጀመሪያ አላመንነውም። ነገሩን ቁጭ ብሎ ካስረዳን በኋላ ግን ለእናንተም ማካፈል ግዴታችን ሆኖ አገኘነው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን ውሃ ወደ ሞተር የሚገባው ዝናብ ሲያፈስበት ብቻ ይመስለናል። ዋናው ምንጭ ግን ራሱ ቤንዚኑ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይሰጣል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይህ ውሃ እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው በኩል ስለሚወጣ አናየውም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን እንፋሎቱ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ከፊሉ ማርሚታው ውስጥ ይተኛል፤ ከፊሉ በፒስተኑ ቀለበት አጠገብ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል።

እናቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ትኩስ እንጀራ ሳይበርድ መሶብ ውስጥ ገብቶ ቢከደን ክዳኑን ያልበዋል፤ ላቡም ተመልሶ እንጀራው ላይ ይወርድና ያሻግተዋል። ተነሥቶ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተርም እንዲሁ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ቤንዚን ይፈጃል እንበል። በቀን አምስት ደቂቃ ለ90 ቀን ሲታሰብ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ሰባት ሊትር ተኩል ቤንዚን አቃጥለን ያንኑ ያህል ውሃ ሠራን ማለት ነው። አብዛኛው ወጥቶ ሄዷል። ከዘይቱ ጋር የቀረው አንድ ስኒ እንኳ ቢሆን ግን ለዝገት ይበቃል። በዚያ ላይ ሞተሪኖው ሲዞር ከባትሪው የሚወስደውን ኃይል አምስት ደቂቃ ቆሞ መሥራት አይመልሰውም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መኪናዋ በየማለዳው እየተነሣች አሳሳቀችንና በቀብሩ ቀን ጣለችን።

ሁለተኛው ምንጭ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከሚዘንበው ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል ብረቱ ይሞቃል፤ ሌሊት ይበርዳል። በተለይ በአሮጌ መኪና፣ ግማሽ ባዶ የሆነ የነዳጅ ታንክ ይህን እርጥብ አየር እየሳበ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ውሃ ከቤንዚንም ከናፍታም ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል። ሞተሩ የሚስበውም ከሥር ነው።

ሦስተኛው ምንጭ መሬቱ ነው። ሣርና ጭቃ ላይ የቆመ መኪና ከሥሩ የሚወጣውን እርጥበት ቀንና ሌሊት ይጠጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን መኪና በክረምት እንዴት እንደሚቀመጥ በስልክ ይመክሩናል። ምክራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን የእነሱ ክረምትና የእኛ ክረምት ስማቸው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። እዚያ የሚፈራው በረዶው የራዲያተሩን ውሃ አጠንክሮ ሞተሩን እንዳይሰነጥቀው ነው። ኮልፌ ላይ የራዲያተር ውሃ በረዶ ሆኖ ሞተር አይሰነጥቅም፤ የእኛ ጠላት እርጥበት ነው።

ወይ በደንብ ንዱት፣ ወይ አትንኩት

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ቃል ይህ ነው። መኪናው የሚፈለግ ከሆነ በሳምንት ወይም ቢበዛ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ መንገድ ላይ ይነዳ። የሙቀት መለኪያው ቶሎ መሐል መድረሱ አያታልላችሁ፤ ዘይቱ ከራዲያተሩ ውሃ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። በከተማችን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በደንብ የተነዳ ሞተር እርጥበቱን ከዘይቱ ያባርራል። መኪናው የማይፈለግ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ እንደምንዘረዝረው ተዘጋጅቶ ይቁም፤ እስከ መስከረምም ቁልፍ አይነካው።

አንደኛ፣ ዘይት። ብዙ ሰው ዘይት የሚቀይረው በመስከረም መኪናውን ሲያወጣ ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ያገለገለ ዘይት ውሃና አሲድ ስለሚይዝ ሦስት ወር ሙሉ ብረቱን እየበላ ይቀመጣል። ስለዚህ ዘይቱና ፊልትሮው ከመቆሙ በፊት ይቀየሩ። ከዚያ መኪናው በደንብ እስኪሞቅ ተነድቶ ይቁም።

ሁለተኛ፣ ነዳጅ። አየር የሚገባበት ቦታ እንዳይኖር ታንኩ ሞላ ብሎ ይቁም። መኪናው የናፍታ ከሆነ በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመው ውሃ ይፍሰስ። ቤንዚን በጄሪካን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ግን እሳት ነውና አደራ እንዳታደርጉት።

ሦስተኛ፣ ቦታ። መኪናው በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ ከቤት ክዳን ጠፈጠፍ ራቅ ብሎ ይቁም። ቆርቆሮ ከላይ ካለ መልካም ነው። በላስቲክ መጠቅለል ግን የመሶቡን ታሪክ መድገም ነው። ሸራ ከሆነ ከሥር ነፋስ እንዲገባ ከፍ ተደርጎ ይወጠር።

አራተኛ፣ ባትሪ። የኔጋቲቩ ገመድ ይፈታ። ባትሪው ሲሞላ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። በወር አንድ ጊዜ ይለካ፤ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ ይደረግ።

አምስተኛ፣ ቀዳዳዎች። የማርሚታው አፍና የአየር መሳቢያው በደረቅ ጨርቅ ይወተፉ። ከእርጥበቱም ሌላ አይጥ ጎጆዋን እዚያ መሥራት ትወዳለች። ጨርቁን እንዳንረሳው ግን በመሪው ላይ ቀይ ክር እንሰር።

ስድስተኛ፣ ፍሬንና ጎማ። የእጅ ፍሬን ተይዞ የከረመ መኪና ፍሬኑ ዝጎ ይጣበቃል። መኪናው በማርሽ ይቁምና ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። የጎማውም ነፋስ ጠንከር ተደርጎ ይሞላ።

ሰባተኛ፣ ራዲያተር። ብዙዎቻችን የቧንቧ ውሃ እንሞላለን። የቧንቧ ውሃ ሞተሩን ከውስጥ ያዝጋል። ዝገት የሚከላከለው የራዲያተር ፈሳሽ ቢገባበት ወጪው በኋላ ከሚመጣው ጥገና ያንሳል።

ከዚህ ጋር አጥብቀን የምናስጠነቅቀው አለ። ዝናቡን ፈርቶ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ሰው ይገድላል። ጭሱ እንደ ከሰል ጭስ ነው፤ መርዙ አይሸትም፣ አይታይም። የእኛ እድር ጥሩንባ በዚህ ምክንያት እንዲነፋ አንፈልግም።

በመስከረም ሲወጣ

ከመካከላችን ብዙዎች ለመስቀል ወደ ጉራጌ አገር ቤት እንሄዳለን። ሦስት ወር የቆመውን መኪና በዋዜማው አውጥተን፣ ቤተሰብ ጭነን መንገድ እንጀምርና መሐል ላይ እንቀራለን። ስለዚህ መኪናው ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይውጣ። ከማስነሣታችን በፊት ጨርቁን እንንቀል፣ ኮፈኑን ከፍተን አይጥ የበላው ሽቦ መኖሩን እንይ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ እንሳብ። አረፋው በክዳኑ ሥር ብቻ ከሆነ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል። በዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ሁሉ ማኪያቶ መስሎ የራዲያተሩም ውሃ ከጎደለ ግን የሞተሩ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይነሣ መካኒክ ይየው።

«አሮጌ መኪና ምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?» የሚል ካለ ዘመኑን ይመልከት። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ መነሣት በመጀመሩ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ መኪናቸውን የሚያቆሙ አባላት በዝተዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው አባላት የሞተር ዘይት ጣጣ የለባቸውም፤ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ግን እነሱም ዘንድ አለችና ይጠብቋት። የቀረነው በእጃችን ያለውን አሮጌ ይዘን ረጅም መንገድ መሄዳችን አይቀርም።

ወደ እድራችን ሚኒባስ እንመለስ። ቀብር ቀጠሮ ስለማይሰጥ እሷን እስከ መስከረም አቁሞ መርሳት አይቻልም። ስለሆነም በ2017 ዓ.ም. ክረምት የአምስት ደቂቃውን ማስነሣት ትተን፣ በየቅዳሜው ከአየር ጤና በካራ ቆሬ በኩል ዓለም ገና ደርሳ እንድትመለስ አደረግን። ቤንዚኑ በከንቱ እንዳይቃጠል፣ በሌላ ቀን ሐኪም ቤት መመላለስ ያቃታቸው አረጋውያን አባላት ሲኖሩ መንገዱን ወደዚያ እናዞረዋለን። መዝገቡም ተለውጧል። «ተነሥታለች» የሚለው ቀርቶ ከየት እስከ የት እንደሄደች፣ ስንት ደቂቃ እንደተነዳች፣ ማን እንደነዳት ይጻፋል።

ከዚህ ጉባኤ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንጃ ፈቃድ ያላቸው አባላት ለቅዳሜው ተራ ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ። ሁለተኛ፣ ለክረምቱ ነዳጅና ዘይት የሚሆን ገንዘብ ዛሬውኑ ይጽደቅልን። ሦስተኛ፣ ከዕቃ ቤቱ ጎን ለመኪናዋ አራት አጠናና ጥቂት ቆርቆሮ ይፈቀድልን፤ ጉልበቱን እኛ እንችላለን።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ጥሩንባው አራት ጊዜ ተነፍቷል። ሁለቱ ወደ ቀራኒዮ፣ ሁለቱ ወደ ኮልፌ ሙስሊም መቃብር ነበሩ። በአራቱም ቀን መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሥታለች። ለእኚያ አባታችን ግን አልደረስንላቸውም፤ ቤተሰባቸውን በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ክረምቱን በሰላም ያሻግረን።